ከጅማ ወደ ዝዋይ ደሴቶች፦ ስለ አንድ የቡድን ጉዞ አገልግሎት

ጅማ ውስጥ ወደ ጂሬን ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ቡና ጫካ የሚወስድ አስጎብኚ ማግኘት አያስቸግርም። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖረውን የዛይ ማኅበረሰብ ባህልና ቅርስ ለማሳየት መንገደኛ አሰባስቦ የሚጓዝ አዘጋጅ መኖሩን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ዓርብ ተነሥቶ እሑድ ከሚመለሰው ከዚህ ጉዞ ጋር ሄጄ ስለነበር፣ ሊሄድ ለሚያስብ ሰው ያየሁትን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የግቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ በወልቂጤ፣ በወሊሶና በዓለም ገና አልፎ በቡታጅራ በኩል የሐይቁ ዳር ከተማ ባቱ (ዝዋይ) የሚደርሰው መንገድ ረጅም ነው። መኪናው ምቹ፣ ሹፌሩም ጥንቁቅ ነበር፤ ማደሪያውም ንጹሕ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን ቱሉ ጉዶ ደረስን። ከሐይቁ ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ከጀልባው እንደ ወረዱ ዓይን የሚይዘው ተዳፋቱን ከታች እስከ ላይ የሸነሸነው የድንጋይ እርከን ሲሆን፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ አፈሩን ከመሸርሸር ይጠብቃል። መሬት በጠበበበት ደሴት ላይ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ያቆየው ይህ ሥራ ከማንኛውም ሐውልት የማያንስ ቅርስ ነው፤ አስጎብኚው ቆሞ ሳያብራራው ማለፉን ግን ትልቅ ጉድለት አድርጌ አየዋለሁ።

በደሴቱ ገዳም በደብረ ጽዮን ማርያም የተደረገልን ገለጻ በአንጻሩ የተሟላ ነበር። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው ወደዚህ እንዳመጡና 70 ዓመት ያህል እንዳቆዩ የሚነገረውን ትውፊት አንድ አባት በዝርዝር ተረኩልን። ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ የብራና መጽሐፍ አውጥተው፣ ገጾቹን ጠርዝ ጠርዛቸውን እየያዙ በዝግታ ገለጡልን። ከመካከላችን አንዳንዶች የስልካቸውን ፍላሽ ሲያበሩ የከለከሉት እኒሁ አባት እንጂ አስጎብኚው አልነበረም። ብርሃን የብራናን ቀለም እንደሚጎዳ ጀልባ ላይ ሳለን ሊነገረን ይገባ ነበር።

ለእኔ የጉዞው ዋና ዋጋ ከሰዓት በኋላ አንድ ሸማኔ ቤት ያሳለፍነው ጊዜ ነው። ሽመና ከዓሣ ማስገርና ከእርሻ ጋር የዛዮች የቆየ ሙያ ነው። አረጋዊው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው መረገጫውን እየረገጡ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል እያሳለፉ ማጉን ጠበቅ ጠበቅ ሲያደርጉ ቆመን አየን። የዛይ ቋንቋ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን፣ ሕዝቡ ከሐይቁ ዙሪያ ካለው ኅብረተሰብ ጋር ስለሚኖር አፋን ኦሮሞም ይናገራል። ስለዚህ ከጅማ የሄድነው ሰዎች ያለ አስተርጓሚ መጫወት ቻልን። «አባባ፣ ልጆችዎ ሙያውን ይችሉታል?» ብሎ አንዱ ሲጠይቃቸው፣ ልጆቻቸው ለትምህርትና ለሥራ ወደ መቂና ወደ ባቱ መሻገራቸውን ነገሩን። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከዛዮች ብዙዎቹ ደሴቶቹን ለቀው በሐይቁ ዳር ሰፍረዋል። ቋንቋውንና የእጅ ሙያውን አሁን ሄዶ ማየት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

አዘጋጁን ከልብ የማመሰግንበት ጉዳይ ምሳው በደሴቲቱ ሴቶች እጅ እንዲዘጋጅ ማድረጉ ነው። ከሐይቁ የወጣው ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ በዳጣ ቀረበልን፤ ሒሳቡም እዚያው በፊታችን ለራሳቸው ለባለሙያዎቹ ተከፈለ። ጎብኚ የሚያወጣው ገንዘብ ባቱ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ለደሴቱ ሰው የሚተርፈው የጫማችን አቧራ ብቻ በሆነ ነበር።

ቅሬታዬ በጊዜ አመዳደቡ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሣ ቶሎ መመለስ ግድ ነው፤ በመሆኑም ለመንደሩ የተረፈው ሰዓት እጅግ አጭር ሆነ። ባቱ ላይ ለቁርስ የባከነውን ጊዜ ትቶ ማለዳ መነሣት ቢቻል፣ እርከኑንም የደንገል ታንኳ አሠራሩንም በወጉ ማየት ይቻል ነበር። የሕይወት አድን ጃኬት ለሁላችንም አለመዳረሱ ደግሞ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ክፍያው መጓጓዣን፣ ማደሪያንና ጀልባን ስለሚያጠቃልል ተመጣጣኝ ነው እላለሁ። ገንዘብ ከማስያዛችሁ በፊት ግን ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣና ጃኬት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ መኖሩን ጠይቁ። ሸማኔው ቤት መግባት በፕሮግራሙ ውስጥ መካተቱንም አረጋግጡ።