14 ወር የነዳኋት ባለ ቱርቦ መኪና፦ ልሸጣት ነው፣ ዐይቧን (ጉድለቷን) ግን ሁሉን እናገራለሁ

መኪናዋን ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ ለስራ እየተመላለስኩባት ወደ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ናት፣ ማርሿ በእጅ፣ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። የማን ስሪት እንደሆነች እዚህ አልጽፍም፣ አሁን ያለባትን ችግር ያመጡባት ከኔ በፊት እየጋለች ዝም ብለው የነዷት ሰዎች ናቸው ብዬ ስለማምን የፋብሪካውን ስም በከንቱ ማንሳት አልፈልግም።

የምወድላትን ላስቀድም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ መሀላቸው ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፣ ለዛ ነው ብዙ መኪና ሐረጎን ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስተው፣ ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ይሞላዋል። ማታ ከስራ ስመለስ ከጭነት መኪና ኋላ ስንፏቀቅ ቆይቼ መንገዱ ሲከፈትልኝ በሶስተኛ ረገጥ ሳደርጋት ወላሂ ድካሜን ታስረሳኛለች። በክረምት ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ ሲረጥብም ኩርባው ላይ ንቅንቅ አትልም። ይሄን ማንም አይወስድባትም።

አሁን ዐይቧ። ትልቁ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክዳን (ቴስታታው) እና በሞተሩ አካል መሀል ገብቶ የሚያሽገው ስስ ንጣፍ። ከገዛሁ በሶስተኛው ወር ውሃ መቀነስ ጀመረች፣ ከስር የሚንጠባጠብ ነገር የለም፣ ግን ሞተሩ እየሰራ የውሃ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ይሄ ማለት የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጋራዥ አስገብቼ ጓርኒሲዮኑን ቀየርን፣ ቴስታታው ተጣሞ እንደሆነ ግን ማንም አልለካውም፣ እኔም በሰአቱ መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር፣ አራት ወር ቆይቶ ያው አረፋ ተመለሰ። ያኔ በጣም ነው የከፋኝ። የተጣመመ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ብር መጣል ነው፣ መጀመሪያ ማሽን ቤት ሄዶ ፊቱ መስተካከል አለበት። ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል ምክንያቱም ክፍት ላይ ያለ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ራዲያተሩ ታፍኖ ግፊት ሲይዝ ነው ከዛ በላይ የሚችለው፣ ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ላልቶ ከሆነ ቆላ ላይ የምትችል መኪና እዚህ ትንፈቀፈቃለች። ክዳኑን ቀይሬዋለሁ፣ እሱ ትንሽ ረድቷታል። አሁን በሳምንት ግማሽ ሊትር ውሃ እጨምራለሁ፣ የሙቀት ጌጁን ሳላይ አልነዳም።

ፍሪሲዮኗም (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው) እያለቀ ነው፣ ዳገት ላይ በአራተኛ ሲረገጥ ሞተሩ ይጮሃል ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ዘይት በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ትበላለች፣ ሐረጎን በማርሽ ይዣት ወርጄ ታች ላይ ነዳጅ ስረግጥ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። ፍሬኗ ደህና ነው፣ ሸራውም የፍሬን ዘይቱም አዲስ ነው።

ልሸጣት እንደሆነ የሰማ ደላላ መጥቶ ምን አለኝ፣ "ወንድሜ አንተ ዝም በል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ስንጥቅ የሚደፍን ማሸጊያ ጨምርበት፣ ወፈር ያለ ዘይት ሙላና ከፒያሳ ሆጤ አዙረህ አሳይ፣ ሐረጎን እንዳታወጣት ብቻ።" ይሄን ሲለኝ ደሜ ፈላ። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር፣ የምትራገጥ ላም ሲሸጥ ገዢው ሳይጠይቀው "ትራገጣለች" ብሎ ነበር የሚጀምረው፣ ዐይብ ደብቆ የተሸጠ ገንዘብ በረካ የለውም ይል ነበር። ሕጉም ቢሆን የተደበቀ ጉድለት ሻጩን ያስጠይቃል፣ ገዢው አውቆት ከገዛ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስለዚህ ያልኩትን ሁሉ ውሉ ላይ በጽሁፍ አስገባለሁ። ደግሞ ያቺ ማሸጊያ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ትደፍናለች፣ ለሚቀጥለው ሰው ሁለተኛ በሽታ ጨምሮ መስጠት ነው።

የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋው ስለተሰቀለ ዐይቧን ብትደብቅ ቶሎ ትሸጣለህ የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው ትሸጥ ነበር። እኔ ግን የቴስታታውንና የፍሪሲዮኑን ወጪ መካኒክ አስልቶልኝ ከዋጋዋ 180 ሺህ ብር ቀንሻለሁ። ያለው ብቸኛ መኪና እሷ ለምትሆንበት ቤተሰብ አልመክራትም፣ ሁለት ሳምንት ጋራዥ አስቀምጦ በደንብ ለሚያሰራት ሰው ግን ጥሩ መኪና ናት፣ ካምቢዮዋም (የማርሽ ሳጥኗ) ቦዲዋም ጤነኛ ነው።

ማየት የፈለገ ጠዋት ይምጣ፣ ሳላስነሳት እጠብቀዋለሁ፣ ኮፋኖውን ራሱ ይክፈት፣ ሞተሩን በእጁ ነክቶ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዛ ኮምቦልቻ ወርደን ሐረጎን እሱ እየነዳ እንወጣለን፣ ደሴ ስንገባ ቀዝቀዝ እስክትል ጠብቀን ውሃው ስንት እንደቀነሰ አብረን እናያለን።