ዲኤንኤስማስክ፦ ነባሩን ራውተር ሳይነኩ በኔትወርክ ቡት ማድረግ

ኮምፒውተርን ያለ ፍላሽ በኔትወርክ ለማስነሳት አይፒ አድራሻ የሚያድል፣ የማስነሻ ፋይሉን ስም የሚናገርና ፋይሉን የሚልክ ያስፈልጋል። ዲኤንኤስማስክ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ሦስቱንም በአንድ የሴቲንግ ፋይል ይሠራል። ለአንድ ቢሮ ወይም ለኮምፒውተር ክፍል ከዚህ የቀለለ ማግኘት ይከብዳል።

የሚያስመርጠው የፕሮክሲ አሠራሩ ነው። አድራሻ ማደሉን ለነባሩ ራውተር ትቶ የማስነሻ መረጃውን ብቻ ይጨምራል። በአድራሻ ክልሉ መስመር ላይ የኔትወርኩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.0፣ ጽፎ ከኮማ በኋላ ፕሮክሲ የሚለውን ቃል ማስከተል ይበቃል። ሁለት ሰርቨሮች አድራሻ እያደሉ የሚጋጩበት ጣጣ አይኖርም።

ልፋቱ ያለው ለየማሽኑ ትክክለኛውን ፋይል በመስጠት ላይ ነው። ማሽኑ ዓይነቱን በሚልከው ጥያቄ ውስጥ ባለ ኦፕሽን 93 በተባለ መስክ ያሳውቃል፤ 0 የድሮው ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) ነው፣ 7 ደግሞ የባዮስ ተተኪው 64 ቢት ዩኢኤፍአይ። ለዚሁ ዓይነት 9 የሚልኩም ስላሉ 7ንም 9ንም ይጻፉ። ለሁሉም አንድ ፋይል ከተሰጠ ግማሾቹ አይነሱም። አይፒኤክስኢ የተባለውን የኔትወርክ ማስነሻ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ሌላም ወጥመድ አለበት፦ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ እንደገና ጥያቄ ይልካል፤ በኦፕሽን 175 ተለይቶ ስክሪፕቱ ካልተሰጠው ራሱን መልሶ መላልሶ ይጭናል።

ስክሪኑ ላይ ኢ53 የሚል የስህተት ኮድ ከታየ አድራሻ ተገኝቷል፣ የፋይል ስም ግን አልመጣም። ኢ51 ምንም መልስ እንዳልደረሰ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቹ የኬብል ቀለበት እንዳይፈጠር የሚከላከልበት አሠራር) ፖርቱን 30 ሰከንድ ያህል ሲያዘገየው ማሽኑ ጠብቆ ይተዋል። ኢ32፣ ማለትም ፋይል ላኪው መልስ አልሰጠም የሚለው፣ ሲመጣ ፋየርዎሉን ይዩ። ፋይሉ የሚጠየቅበትን ፖርት ዩዲፒ 69ን መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ፋይሉ የሚተላለፈው በሌላ ፖርት ስለሆነ የፖርቱን ክልል በሴቲንጉ ወስኖ እሱንም መክፈት ያስፈልጋል። በፕሮክሲ ከሆነ ፖርት 4011ም ይጨመራል።

የሚያናድደው፣ የሃፕ ሲግናል (እየሠራ ላለ ፕሮግራም የሚላክ የማደሻ ምልክት) ዋናውን የሴቲንግ ፋይል እንደገና አያስነብበውም፤ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው። ፋይሉ የሚላክበት ቲኤፍቲፒም ለትልልቅ ፋይል ዘገምተኛ ስለሆነ ለመጀመሪያው ፋይል ብቻ ይዋል፣ የቀረውን በኤችቲቲፒ ማውረድ ይሻላል። አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ የሚፈልግ ግን ኬአ የተባለውን አድራሻ አዳይ ሰርቨር ይመልከት፤ አይኤስሲ የተባለው ድርጅት የሠራው አሮጌ አድራሻ አዳይ ሰርቨር ድጋፉ በ2022 ስላበቃ ለአዲስ ሥራ አይመረጥም።