የጓሮ ግሪንሃውሴን ለሠሩልኝ ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ምስጋና መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ባለሙያ ሥራውን ሠርቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ተመሰጋግነን ከተለያየን ይበቃል ባይ ነኝ። እኚህን ሰው ግን ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ። ደግሞ ሰሞኑን «እኔም ጓሮዬ ላይ ትንሽ ግሪንሃውስ ላሠራ ነው፣ ማንን ላናግር?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ሙያቸው ብየዳ ነው። በርና መስኮት ይሠራሉ። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ለዓመታት የችግኝ ቤት ሲተክሉ ኖረዋል። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። አንድ ወጣት ረዳት አላቸው። ወሬ አያበዛም፣ እጁ ግን የተባረከ ነው። ይህ ምስጋና ለእሱም ጭምር ነው።

ከእሳቸው በፊት ያናገርኩት ሻጭ ወሬውን የጀመረው «ስንት ካሬ?» ብሎ ነው። ስልኩን አውጥቶ የትልልቅ እርሻዎች ፎቶ አሳየኝ። ጓሮዬን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ጋሼ ሲመጡ ሜትራቸውን ከኪሳቸው ለማውጣት አልቸኮሉም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቀን ቀን እቤት የሚውል ሰው አለ?» የሚል ነበር። ግራ ገባኝ። ግሪንሃውስ ላሠራ እንጂ ሞግዚት ልቀጥር አይደለም።

ሲያስረዱኝ ነገሩ ገባኝ። ፀሐይ ያገኘው ዝግ የላስቲክ ቤት እንደ ቆመ መኪና ነው፤ ውጭው 25 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ትልቅ ግሪንሃውስ ውስጥ ያለው አየር ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይግልም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ትንሹ ግን ጠዋት ደመናው ገለጥ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል። ብዙ ጀማሪ «ከትንሹ ልጀምር፣ እሱ ይቀላል» ይላል። ለኪስ ይቀላል እንጂ ለአያያዝስ አይቀልም። ጠዋት የሚከፍትለት፣ ማታ የሚዘጋለት ሰው ይፈልጋል። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይኖረው ከሆነ አሠራሩ ከመነሻው ይቀየራል፤ በመረብ ብቻ ተሸፍኖ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆነው ቦታ መብዛት አለበት።

ያኔ ያሉኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ ሙቀቱን ፀሐይዋ በነፃ ታስገባልሻለች። እኔን የምትከፍዪኝ ለማስወጫው ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኚህን ሰው የምጠቁማችሁ በዚህች አነጋገር ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ከእሷ የሚቀዳ ሆኖ አገኘሁት።

ቦታ መረጣው ላይ ጊዜ ወሰዱ። እኔ ለዓይን ያማረኝ ከግንቡ ሥር ያለው ጥግ ነበር። እሳቸው ትንንሽ ችካሎች ቸከሉና የግንቡና የዛፉ ጥላ ጠዋት፣ እኩለ ቀን እና አመሻሽ ላይ የቱ ጋ እንደሚደርስ ምልክት እንዳደርግ አዘዙኝ። ግንብ ሁለት ነገር ይከለክላል፤ ብርሃንና ነፋስ። ጥግ የገባ ግሪንሃውስ ደግሞ መስኮቱ ቢከፈትም አየሩ አይንቀሳቀስም። ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚቋጥርበትንም ቦታ ጠየቁኝ። የቧንቧውን ርቀት በእርምጃ ለኩ። «ውሃ ተሸክመሽ የምትመላለሺበት ከሆነ በሁለተኛው ወር ትተዪዋለሽ» አሉኝ። ያውቁኛል ልበል?

ልኩን መሬት ላይ በእንጨት ሥለው ነው ያሳዩኝ። 2.4 ሜትር ወርድ፣ 5 ሜትር ርዝመት። በግራና በቀኝ 75 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብ፣ መሃል ላይ 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ። መደቡ ከዚያ ከሰፋ ከአንድ ወገን ቆሞ ጥጉ ላይ ለመድረስ እጅ አይበቃም፤ አፈሩን መርገጥ ይመጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ውሃም ሥርም በቀላሉ አያሳልፍም። መተላለፊያው የሰፋው ለእጅ ጋሪ ነው። እኔ «መንገዱን አጥብበን መደቡን ብናሰፋውስ?» ብዬ ተከራክሬ ነበር። አሁን ኮምፖስት በጋሪ ሳስገባ እሳቸውን ነው የማስታውሰው።

ወደ ላስቲኩ ስንመጣ ትንሽ ቆጣ ይላሉ። ለቤት ግንባታ የሚሸጠውን ተራ ላስቲክ ለግሪንሃውስ የሚያለብስ ሰው ያናድዳቸዋል። እሱ ፀሐይ ሲመታው ብዙም ሳይቆይ ይሰባበራል። የሚያስፈልገው የፀሐይ ጨረር እንዳይጎዳው መከላከያ የተጨመረበት፣ ውፍረቱም 200 ማይክሮን አካባቢ የሆነ የግሪንሃውስ ላስቲክ ነው፤ ይህ ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል። የብረት ቱቦው ላስቲኩን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ነጭ ቴፕ ጠቀለሉበት። የጋለ ብረት ላስቲክን ቀድሞ የሚያበላሸው እዚያ መስመር ላይ ነው። ለማልበስ ደግሞ ነፋስ የሌለበት ሞቅ ያለ ሰዓት ጠበቁ። ላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ያኔ ከተወጠረ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጠብቃል። በብርድ የተወጠረው ግን በሙቀት ይላላና ነፋስ ሲመጣ እያጨበጨበ ራሱን ይቀዳል። በሁለቱ ጫፎች ያለውን ትርፍ ላስቲክ ቦይ ቆፍረው ቀበሩት። ሥራው ሲያልቅ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ። ደስ አላቸው መሰለኝ፤ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው።

የአየር መውጫውን ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሌሎች ቤቶች ላይ ሳይ የሚጎድለው እሱ ነውና። ጋሼ የሚሄዱበት ልክ ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ነው። የእኔ ወለል 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ ቢያንስ 2.4 ካሬ ሜትር የሚከፈት ቦታ ማለት ነው። በር ብቻውን አይሞላውም። ረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ ላስቲኩ ከታች ወደ ላይ በቱቦ ይጠቀለላል። ከጣሪያው ጫፍ ሥር ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከታች ይስባል። ታች ብቻ ቢከፈት ትኩሱ አየር ጣሪያው ሥር ተኝቶ ይውላል። ክፍተቱ ሁሉ ነጭ ዝንብ እንዳይገባ በደቃቅ መረብ ተሸፍኗል። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለች፦ መረቡ ደቃቅ በሆነ ቁጥር አየሩንም ያንቀዋል። ስለዚህ መረብ የሚደረግበት መስኮት ከመረብ አልባው መስፋት አለበት። ይህን የነገሩኝ ሳልጠይቃቸው ነው።

እስካሁን ያልኩት ጥሩ ብየዳ ሠራተኛ ሊያደርገው የሚችል ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ሂሳባቸውን ከተቀበሉ በኋላ የሆነው ነው።

ቲማቲሜ ሲያብብ መጡ። አልጠራኋቸውም። «በዚህ በኩል ሳልፍ ነው» አሉ፤ እኔ እንኳን የማምናቸው አይመስለኝም። አበባው ቢትረፈረፍም ፍሬ አልያዘም ነበር። መጀመሪያ ያዩት ቴርሞሜትሩን ነው። ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ሰቅዬው ስለነበር አንስተው ጥላ ውስጥ፣ በተክሉ ቁመት ልክ ሰቀሉት። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚነግረን የራሱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይደለም። ከዚያ ስለ ቲማቲም አበባ አወሩኝ። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ወዲያ እያለፈ ከዋለ የአበባው ዱቄት ይዳከማል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ከወረደም እንዲሁ ይቸገራል። ደግሞ ቲማቲም ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ዱቄቱን የሚያራግፍለት ይፈልጋል። ውጭ ነፋስና ንብ ይነቀንቁታል። ዝግ ቤት ውስጥ ማን ይነቅንቀው? ረፋዱ ላይ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ የታሰረበትን ሲባጎ በጣት መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡና ከመጠጣቴ በፊት ሲባጎ እየመታሁ እዞራለሁ። ልጆቼ ክራር ትጫወታለች ይሉኛል። ፍሬው ግን ይዟል!

ስለ ዱባና ኪያር ያስጠነቀቁኝም አለ። ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ስለሆኑ ንብ ካልገባ ዱቄቱን በእጅ ማድረስ ያስፈልጋል። ያለ ንብ የሚያፈራ የኪያር ዘር አለ፤ ለግሪንሃውስ የሚመረጠው እሱ ነው። ዘር ስትገዙ ጠይቁ።

ውሃ ጠዋት፣ ከሥሩ። ማታ ቅጠል ያረጠበ ሰው ሻጋታ ቢያገኘው አይገረም። አንድ ቀን አድርቆ በማግስቱ ማጥለቅለቅም የቲማቲሙን ቂጥ ያጠቁረዋል፤ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም እስከ ፍሬው ጫፍ አይደርስም። ለዚህ ሲሉ አንድ በርሜል ከፍ አድርገው አስቀምጠው ጠብታ መስኖ ዘረጉልኝ። ማጣሪያዋን ማጠብ እንዳልረሳ ደግመው ደጋግመው ነግረውኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ላስቲክ ሥር ያለ አፈር ዝናብ አያገኝም። ውጭ ያለውን መሬት ዝናብ ያጥበዋል፤ ውስጥ ግን ከውሃውና ከማዳበሪያው የሚተርፈው ጨው ከዓመት ዓመት ላይ ላዩን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ነጭ ነገር መደቡ ላይ ከታየ ምልክቱ እሱ ነው። በሁለት ሰብል መካከል ብዙ ንጹህ ውሃ አጠጥቶ ወደ ታች ማጠብ፣ ኮምፖስቱን ማደስ፣ ቲማቲሙንም እዚያው መደብ ላይ አለመደጋገም ይላሉ። ያልበሰለ ፍግ ከነጭራሹ አያስገቡም።

እንከን የላቸውም ወይ? አላቸው። ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ። «እየመጣሁ ነው» ሲሉ ገና ጫማ እያሰሩ ነው። ወሬ ይወዳሉ፤ አንዴ ስለ አፈር ከጀመሩ ብየዳው ቆሞ ይጠብቃል። ሥዕል ወይም የጽሑፍ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ራሱ ይያዝ፤ እሳቸው ሁሉንም በቃል ነው። መስታወት አይሠሩም፣ ትልቅ እርሻም አይቀበሉም። ቦታው ካልሆነ ደግሞ «አይሆንም» ብለው ይሄዳሉ። ለአንዲት ጓደኛዬ እንደዚያ ብለዋታል፤ ጓሮዋ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ከፍላቸው ቢሠሩላት ማን ይከለክላቸው ነበር? እሷ ትንሽ ቅር ብሏት ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ይበልጥ አመንኳቸው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ላስቲኩ እስካሁን አላጨበጨበም።

ሊያሠሩ ለምትፈልጉ፦ ስልካቸውን ለመስጠት አስፈቅጃቸዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የጓሮአችሁ ጥላ በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ እዩ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ፣ ጠዋት የሚከፍተው ማን እንደሆነም እቤት ተነጋገሩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። የምትደውሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ብየዳ ላይ ስለሚሆኑ ስልኩን አይሰሙትም።