ኮሚሽን ወይስ ሥራ አስኪያጅ፦ የትንሽ ከተማ የዘወትር ሥራ በማን እጅ ይሁን?

እ.ኤ.አ. በ1900 ከባድ ማዕበል ቢያንስ 6,000 ሰው የፈጀባት የቴክሳሷ ጋልቬስተን በማግሥቱ ዓመት የቀድሞ ምክር ቤቷን ትታ አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመች። ከንቲባው ሰብሳቢ ሲሆን፣ የቀሩት አራቱ ፋይናንስን፣ ፖሊስንና እሳት አደጋን፣ ውኃንና ፍሳሽን፣ እንዲሁም መንገድንና የከተማ ንብረትን ተከፋፈሉ። መንገድ ሲበላሽ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነዋሪው ያውቃል፤ ሆኖም በጀት የሚያጸድቁትና ገንዘቡን የሚያወጡት እነዚያው ሰዎች ስለሆኑ፣ አንዱ ኮሚሽነር የሌላውን ሒሳብ አጥብቆ እንዲመረምር የሚገፋፋው ነገር እምብዛም ነው።

የቨርጂኒያዋ ስታንተን እ.ኤ.አ. በ1908 የመረጠችው ዘዴ ከዚህ ይለያል፤ ምክር ቤቷን ሳታፈርስ፣ እንደ መንገድ ጥገና፣ ዕቃ ግዥና የሠራተኛ ቁጥጥር ያለውን ሥራ ለተቀጠረ ባለሙያ አስረከበች። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ቻርልስ አሽበርነር መሐንዲስ ነበሩ፤ ጭቃና ጠጠር ዋና አጀንዳ ለሆነበት ከተማ ይህ ሙያ፣ በእኔ ግምት፣ ከፓርቲ ታማኝነት ይልቅ ይጠቅማል። ሥራ አስኪያጁን ሕዝብ በቀጥታ አለመምረጡ ጉድለት ነው፤ ቢሆንም ሥራው ካላማረ ምክር ቤቱ ያሰናብተዋል፣ በድምፅ የተመረጠን ኮሚሽነር ግን ባልደረቦቹ እንዲህ በቀላሉ አያነሡትም። ጋልቬስተን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1960 ኮሚሽኑን ትታ ወደ ሥራ አስኪያጅ ሥርዓት ተሻግራለች።