ለቆዳ ሐኪማችን ምስጋና፣ ፊታችሁ በየበጋው ለሚጠቁርባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! በጋ በገባ ቁጥር ፊታቸው ከአንገታቸው ተለይቶ የሚጠቁርባቸውና ጉንጫቸው ላይ ማድያት የሚወጣባቸው ሰዎች ስንት ደጅ ጠንተዋል መሰላችሁ። ሌላ ቦታ ያጋጠማቸው ያበሳጫል። ቀና ብሎ ፊታቸውን ያየ እንኳ የለም፤ ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ አስይዘው ይሸኟቸዋል። እንዲህ ያለው ቅባት ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) አለበት። መጀመሪያ ፊትን ያፈካል። ውሎ አድሮ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ስሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶበት ይመለሳል። ይህን እያዩ «ለምዶሽ ነው፣ ጨምሪበት» ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

እኚህ ሐኪም ታካሚያቸውን መጀመሪያ መስኮት አጠገብ ያስቀምጣሉ። የክንዷን የውስጥ ገጽ ከጉንጯ አስጠግተው በመስታወት ያሳዩዋትና «የራስሽ ቀለም ይሄ ነው። ፀሐይ የጨመረችውን እናስለቅቃለን፤ ከዚህ በላይ ግን አላነጣሽም» ይሏታል። ለዚህች ንግግር ብቻ እጥፍ ምስጋና ይገባቸዋል።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) «ተቀቢ» ብለው አይሸኙም፣ እዚያው ያስቀቧታል። የመከላከያ መጠኑ (ኤስፒኤፍ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዩቪኤ የተባለውን የፀሐይ ጨረርም የሚከላከል መሆን አለበት። ልኩ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ሙሉ ርዝመት የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው፣ ለፊትና ለአንገት። አብዛኛው ሰው የዚህን ግማሽ እንኳ አይቀባም፣ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላል። ጆሮ፣ የፀጉር ዳርና የመንጋጋ ጠርዝም ይረሳሉ። ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ ውጭ ከተዋለ በየ2 ሰዓቱ፣ ካላበ ወይም ከታጠበ ደግሞ ወዲያው ይደገማል። ማድያት ላለበት ጠይም ፊት ቀለም የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ያለበትን ባለቀለም ሰንስክሪን ያዛሉ። ማድያትን የሚያጠቁረው ዩቪ (የማይታየው የፀሐይ ጨረር) ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ስለሆነ፣ ቀለም የሌለው ሰንስክሪን ያንን በደንብ አያግድም።

አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ግን ክረምት ላይ ስለሚፈጸመው ስህተት ነው። ደመናው ሲበዛ ጥቁረቱ ይደበዝዛል፣ ሰው ዳንኩ ብሎ ሰንስክሪኑን ያቆማል። ዩቪኤ ግን ደመናንም የመስኮት መስታወትንም ያልፋል። ቀለም አምራቹ ሕዋስ በትንሽ ነገር የሚቀሰቀስ ስለሆነ፣ ፀሐይዋ ስትወጣ ማድያቱ እንደነበረው ይመለሳል። ተራው የፀሐይ ጥቁረት የላይኛው ቆዳ ሲታደስ በሳምንታት ይለቃል፤ ማድያት ግን ወራት ይፈልጋል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገራቸው ከስንት የከንቱ ተስፋ አዳነን!

እባካችሁ፣ ፊታችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስም የሌለውንም ጭምር። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ተቀብታችሁ ከሆነ እሳቸው ሳያዩት በድንገት አታቁሙ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ንገሯቸው፤ ሆርሞን ማድያትን ያነሳሳል፣ ለማድያት ማታ ማታ እንዲቀቡ ከሚታዘዙት ቅባቶች መካከልም ለእርጉዝ የማይሰጡ አሉ።