ቁርጥ ዋጋ ወይስ በልኬት? ቤት ለሚያሠራ ሰው የሁለት ውሎች ንጽጽር

ቤት ማሠራት የጀመሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፤ ከተቋራጭ ጋር በቁርጥ ዋጋ፣ ማለትም ለሥራው ሁሉ አንድ ድምር ተወስኖ፣ መዋዋል ይሻላል ወይስ በልኬት፣ ማለትም ለየሥራው ነጠላ ዋጋ ተይዞ የተሠራው እየተለካ ሲከፈል? ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ መጻፉ ስለቀለለኝ፣ ልደታ አካባቢ ያለችውን ባለ አንድ ፎቅ ቤቴን መሠረቷን በአንዱ ውል፣ የቀረውን በሌላው ያሠራሁበትን ሂሳብ እዚህ አስቀምጣለሁ። ወገንተኝነቴን ግን አልደብቅም፤ በልኬት የሚከፈለውን ውል እመርጣለሁ፣ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ውድ መስሎ ቢታይም።

የመጀመሪያውን ውል የፈረምኩት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሲሆን ዋጋው 3,600,000 ብር ቁርጥ ነበር። ከሦስት ተጫራቾች ዝቅተኛው እርሱ ስለነበረ ብዙም ሳላቅማማ 40 በመቶውን፣ ማለትም 1,440,000 ብር፣ በቅድሚያ ከፈልኩ። ውሉን ያስጻፍነው በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነበር፤ ከሌላ ሰው ውል የተገለበጠ በመሆኑ አምስተኛው አንቀጽ ላይ የማናውቀው ሰው የቤት ቁጥር ቀርቶበት አግኝተን ስቀን አለፍን። የሚያስለቅሰው ግን በስሕተት የቀረው ሳይሆን ጨርሶ ያልተጻፈው ነበር። የሥራ ዝርዝርና መጠን አልተያያዘም፣ ቅድሚያው ከየትኛው ክፍያ እየተቀነሰ እንደሚመለስ አልተገለጸም፣ ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነም አንድ ቃል አልነበረበትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የፌሮው (የአርማታ ብረቱ)፣ የቧንቧውና የኤሌክትሪክ ዕቃው ዋጋ ሌላ ሆነ፤ ተቋራጩም ቁርጥ ያልነው ዋጋ እንዲከለስለት ጠየቀ። ውሉ ስለ ዋጋ ማስተካከያ ምንም ስለማይል እኔ እምቢ አልኩ፣ እርሱም ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያነሣ የምድር ወለሉን አርማታ ሞልቶ ቆመ። መሐንዲስ አምጥቼ የተሠራውን ሳስለካ ግምቱ 910,000 ብር ሆነ፤ ስለዚህ 530,000 ብሬ ሥራ ሳይሠራበት በተቋራጩ እጅ ቀርቷል ማለት ነው። ለቅድሚያው የተሰጠኝ ዋስትና ከኢንሹራንስ የተገኘና በቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ስለነበረ፣ ይከፈለኝ ብዬ ስጠይቅ መጀመሪያ የተቋራጩን ጥፋት እንዳረጋግጥ ተነገረኝ። ጥፋት አረጋግጡ ሳይባል በጥያቄ ብቻ፣ ያለቅድመ ሁኔታ ከሚከፈል የባንክ ዋስትና ጋር ያለውን ልዩነት የተማርኩት በዚህ ዋጋ ነው።

የመዘግየት ቅጣትስ አልነበረም ወይ ለሚሉኝ፣ ነበረ። በመንግሥት ጨረታ ሰነዶች እንደተለመደው በቀን 0.1 በመቶ ሆኖ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተጽፏል። ይህም በቀን 3,600 ብር ማለት ሲሆን በ100 ቀን 360,000 ብር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ተቋራጩ አንድ ዓመት ቢዘገይም የሚጨመርበት ነገር የለም። ከዚህም በላይ ቅጣት የሚቀነሰው ገና ካልተከፈለ ገንዘብ ላይ ነው፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ሄዶ ከሆነ ቅጣቱ በፍርድ ቤት የሚፈለግ ዕዳ ብቻ ይሆናል።

ለቀረው ሥራ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንደገና ዋጋ ስሰበስብ አንዱ 3,150,000 ብር ቁርጥ አለኝ። ሌላው በካሬ፣ በሜትር ኩብና በኪሎ ነጠላ ዋጋ ሞልቶ ድምሩን 3,380,000 ብር አደረገው። የ230,000 ብር ልዩነት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ ሆኖም ሁለተኛውን መረጥኩ። ሥራው አልቆ በትክክል የተሠራው ሲለካ 3,296,000 ብር መጣ፤ ለልኬት 12 ጊዜ ለተመላለሰው መሐንዲስ በየጊዜው 5,000 ብር፣ በጠቅላላው 60,000 ብር ከፈልኩ። ስለዚህ የወጣብኝ 3,356,000 ብር ሲሆን ከቁርጡ ዋጋ በ206,000 ብር ይበልጣል። ይህን አልክድም፤ ግን ቀድሞ ያጣሁትን 530,000 ብር እያሰብኩ ስከፍለው አልቆጨኝም።

ቅድሚያው በዚህኛው ውል 20 በመቶ፣ ማለትም 676,000 ብር ሲሆን ያለቅድመ ሁኔታ የሚከፈል የባንክ ዋስትና ቀርቦበታል። ከእያንዳንዱ ክፍያ 25 በመቶ እየተቀነሰ ስለሄደም ሥራው ሳያልቅ ተመልሶ አለቀ። የሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ክፍያ ለሁለት ተከፈለ፤ 80 በመቶው አርማታው እንደተሞላ፣ የቀረው የአርማታው የ28 ቀን የጥንካሬ ምርመራ ውጤት ሲመጣ። ለፌሮና ለሲሚንቶ ብቻ ደግሞ ገበያው ከ10 በመቶ በላይ ከተለወጠ በደረሰኝ የሚስተካከል አንቀጽ አስገባን።

በልኬት መዋዋል ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ከሁሉ የከፋው የፌሮው ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ አንድ ፌሮ 10.66 ኪሎ ገደማ መመዘን ይኖርበታል። ተቋራጩ ክፍያ የሚጠይቀው ከፕላኑ ላይ በዚህ ስሌት ነው፤ ከመርካቶ የመጣው ብረት ግን በዓይን የማይለይ ቀጭን ሊሆን ይችላል። አሥሩን አስመዝኜ ከ106 ኪሎ በላይ መሆን ሲገባው 97 ኪሎ ባገኘሁ ጊዜ፣ ባልመዝን ኖሮ ለሌለ ብረት ልከፍል እንደነበረ ገባኝና ጭነቱን አስመለስኩት። በቁርጥ ዋጋ ቢሆን የዚያ ቀጭን ብረት ትርፍ የተቋራጩ ስለሆነ ሚዛን ላይ አስቀምጡት የሚል ሰው እንኳ በቦታው አይኖርም። አፈር የሚለብሰውን ሥራ ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት ሜትር ዘርግቶ መለካትና ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ተቀብሮ ካለፈ ክርክሩ አያልቅም። እንደ እኛ ሰፈር ሲኖትራክ የማይገባበት መንደር ከሆነ ደግሞ አሸዋና ጠጠሩን ከአስፋልት ዳር በባሬላ የማጓጓዙ ወጪ በነጠላ ዋጋው ውስጥ መካተቱ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ተቋራጭ በዚህ ብቻ 85,000 ብር ተጨማሪ ጠይቆኛል።

በሁለቱም ዓይነት ውል ዋጋው የ15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነ ሳይጻፍ መፈረም አይገባም፤ በ3,150,000 ብር ላይ ቫቱ ብቻውን 472,500 ብር ነው። ዕቃውን ራሳቸው እየገዙ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚከፍሉ ወዳጆችም አሉኝ፤ ጊዜው ላለው ጡረተኛ ይሆናል፣ ቢሮ ለሚውል ሰው ግን አይመከርም። ቁርጥ ዋጋን የምቀበለው ለቀለም፣ ለግቢ በርና ሁለት ወር ለማይሞላ ሥራ፣ ያውም ቅድሚያው ካነሰ ብቻ ነው።

የቀረው የማጠናቀቂያው ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥሩነትና ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ለሚያፈስ ጣሪያ ግን ክስ ከመመሥረት በእጅ ያለ ገንዘብ ይፈጥናል። በሁለተኛው ውል ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ ለጉድለት መያዣ እየያዝኩ በጊዜያዊ ርክክቡ (ከመጨረሻው በፊት በሚደረገው የመጀመሪያ ርክክብ) ቀን 164,800 ብር በእጄ ነበረ። ተቋራጩ ከስድስት ወር በኋላ እንዲለቀቅለት ጠይቆ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሙሉ ክረምት ያላየ ጣሪያ አልረከብም ብዬ 12 ወር አስጻፍኩ። ርክክቡ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሆኖ ሐምሌ ላይ የደረጃው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ስደውል ተቋራጩ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛና ቆርቆሮ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ተቋራጭ ስልክ እስካሁን አይነሣም።