የፒንክ ፍሎይድ አልበሞች፦ ልቤን የወሰደው የቱ ነው?

ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ፒንክ ፍሎይድ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው። ግሩም አልበም ነው፤ አልከራከርም። ልቤን የወሰደው ግን የ1975ቱ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ነው። መክፈቻ ዘፈኑ ላይ የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ ዴቪድ ጊልሞር ጊታሩ ላይ አራት ኖታ ብቻ ይነካል። አራት! ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም ውርር ያደርገኛል። ዘፋኙ እስኪሰማ ከ8 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ አንዷም ሰከንድ አትበዛብኝም። ዘፈኑ ስለ ቀድሞ ጓዳቸው ስለ ሲድ ባሬት መሆኑን ካወቅኩ ወዲህማ እንባዬ ይቀድመኛል።

«ዘ ዎል» ይረዝምብኛል፤ ሁለተኛውን ዲስክ ብዙ ጊዜ አልጨርሰውም። «አኒማልስ» ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። እስቲ እዚያ ላይ ያለውን «ዶግስ» የሚለውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። 17 ደቂቃ ነው፣ እንዴት እንዳለቀ አታውቁትም።